«ብረት አይስማማኝም»፦ ስለ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያና ስለ አለርጂ ስያሜዎች

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ አጥንቱ ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ለተጠገነ ሰው «ብረት ገባለት» ይባላል። የገባው ዘንግ ይሁን ብሎን፣ ከምን እንደ ተሠራም ቢሆን የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም «ብረት» ነው። እንዲሁም ጉትቻ ባደረገች ቁጥር ጆሮዋን የሚያሳክካት ሴት «ብረት አይስማማኝም» ትላለች። ሁለቱ አነጋገሮች በየቦታቸው ሲውሉ ጉድለት አይታይባቸውም። ጉድለቱ የሚገለጠው ይህችው ሴት ዕድሜዋ ገፍቶ፣ የጉልበቷ መገጣጠሚያ አልቆ፣ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ እንዲተካ ሐኪም በመከራት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ «ብረት አይስማማኝም» ያለችው ቃል በሕክምና መዝገብ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? ጨርሶ ካልተጻፈ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ይታለፋል፤ እንደ ወረደ «የብረት አለርጂ አለባት» ተብሎ ከተጻፈም ሊጠቅማት የሚችል ሕክምና ሊዘገይ፣ ወይም ዋጋው የከበደ መሣሪያ ያለ በቂ ምክንያት ሊፈለግላት ይችላል።

በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተቋቋመበት ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች ሲሠለጥኑ ኖረዋል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የሚታከመው ሕዝብ የሚናገረው አማርኛ ነው። ስለዚህ በደባርቅም ሆነ በዳባት የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ በየዕለቱ ተርጓሚ ነው ማለት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ የትርጉም ሥራ ላይ የሚያጋጥሙትን ዋና ዋና ቃላት መርምሮ፣ ስያሜው ሲጠራ የሕክምናው አማራጭም እንዴት አብሮ እንደሚጠራ ማሳየት ነው።

፩. «ብረት»

በአማርኛ «ብረት» አንዱን ንጥረ ነገር ይጠራል፤ ብረት መሰል የሆኑትን ሁሉም በጅምላ ይጠራል፤ በጎንደር አነጋገር ደግሞ ጠመንጃ ማለትም ነው። ለጅምላው ጽንሰ ሐሳብ በሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት «ብረት አስተኔ» የሚለው ስያሜ ስለሚሠራበት፣ በጽሑፍ ሥራ ይህን መጠቀም ይሻላል። ከአንድ በላይ የሆኑ ብረት አስተኔዎች ቀልጠው ሲዋሐዱ የሚገኘው «ቅይጥ» ይባላል።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ስብራት ለመጠገን ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከአይዝጌ ብረት ነው፤ ለዚህ አገልግሎት የሚውለው አይዝጌ ብረት ከመቶ 13 እስከ 15 የሚደርስ ኒኬል አለበት። በሰው ሠራሽ ጉልበት ውስጥ የጭን አጥንትን ጫፍ የሚሸፍነው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የኮባልት፣ የክሮሚየምና የሞሊብዲነም ቅይጥ ነው፤ ኒኬል በውስጡ ቢገኝም መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው። የቲታንየም ቅይጥ ደግሞ የተለመደው ዓይነት ከመቶ 6 አሉሚኒየምና ከመቶ 4 ቫናዲየም የያዘ ነው። በቆዳ ላይ አለርጂ በማስከተል ከብረት አስተኔዎች ሁሉ ቀዳሚው ኒኬል ሲሆን፣ ኮባልትና ክሮሚየም ይከተሉታል፤ ቲታንየም ግን አለርጂ የሚያስከትለው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። እንግዲህ «ብረት» በሚለው አንድ ቃል ሥር እጅግ የሚያሰጋውና እጅግ የማያሰጋው ተጠቃለው ይገኛሉ ማለት ነው።

በጎንደር ጌጥ ላይ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። የቀድሞ አንጥረኞች የአንገት መስቀልና ጉትቻ ይሠሩበት የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብር ከመቶ 83.3 ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ ኒኬል አልገባበትም። በገበያ ብር መስለው ከሚሸጡት ጌጦች መካከል ግን ቅንጣት ብር የሌለባቸው፣ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ የተቀየጡ አሉ። ስለዚህ የእናቷ መስቀል ያልነካት ሴት የገበያ ጉትቻ ቢያሳክካት፣ የማይስማማት «ብረት» ሳይሆን ኒኬል ሊሆን እንደሚችል ምልክት ይሰጣል።

፪. «አለርጂ»፣ «አለመስማማት»፣ «መቆጣት»

«አለርጂ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠረው ኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። ያዋቀረውም «ሌላ» እና «ሥራ» የሚል ፍቺ ካላቸው ሁለት የግሪክኛ ቃላት ሲሆን፣ ሊያመለክት የፈለገው ሰውነት ከአንድ ነገር ጋር አስቀድሞ ከተገናኘ በኋላ በሁለተኛው ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ የተለወጠ መሆኑን ነው። የጽንሰ ሐሳቡ እምብርት ይህ ነው፤ አለርጂ ያለ ቀድሞ ትውውቅ አይመጣም።

በአማርኛ ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ሦስት አነጋገሮች ይፎካከራሉ። የመጀመሪያው «አይስማማኝም» የሚለው ነው። ቃሉ ሕያውና ሁሉም የሚረዳው ቢሆንም ወሰኑ እጅግ ሰፊ ነው፤ ወተት ሆዱን የሚነፋው፣ የቆላ አየር የሚያደክመው፣ ጌጥ የሚያሳክከው ሁሉ በእኩል ይጠቀምበታል። ሁለተኛው «መቆጣት» ነው። «ቁስሉ ተቆጣ» ሲባል እንደሚታወቀው ይህ ቃል መቅላትን፣ ማበጥንና መጋልን ያመለክታል፤ ይህም ምክንያቱ አለርጂ ሆነ አልሆነ የሚታይ የብግነት ምልክት ነው። ሦስተኛው «ሰውነቱ አልተቀበለውም» የሚለው ሲሆን፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱ በኋላ ይገለጣል።

ለሙያ ጽሑፍ «አለርጂ» የሚለውን የውሰት ቃል መጠበቅ ተገቢ ይመስላል። «አለመስማማት» የታካሚው አቤቱታ፣ «መቆጣት» በዓይን የሚታየው ምልክት፣ «አለርጂ» ደግሞ በምርመራ የሚረጋገጠው ምክንያት ተብለው ቢለዩ እያንዳንዱ ቃል የራሱን ሥራ ይሠራል። ለብረት አስተኔ የሚሰጠው ምላሽ የዘገየ ዓይነት ነው፤ ማለት የሚገለጠው ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታትና ከቀናት በኋላ ነው። ሰውነት አለርጂ እንዲኖረው የሚያደርገውን የመጀመሪያ ትውውቅ «መላመድ» ብሎ መተርጎም ግን ስሕተት ነው፤ የለመደ ሰውነት የሚታገሥ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ቂም እንደ ያዘ ሰው ሁለተኛውን ግንኙነት የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ «ንቁነት» የሚለው ስያሜ ለውይይት ቢቀርብ መልካም ነው።

ምርመራውን በሚመለከት፣ የተጠረጠሩትን ነገሮች በጀርባ ቆዳ ላይ ለጥፎ የሚደረገው «የልጥፍ ምርመራ» ሊባል ይችላል። ልጥፉ ከሁለት ቀን በኋላ ይነሣል፤ ውጤቱ ያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት እንደ ገና ይታያል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ምርመራው የቆዳን ምላሽ እንጂ የመገጣጠሚያን ዕጣ የማይናገር መሆኑ ነው። የልጥፍ ምርመራቸው አለርጂ እንዳለባቸው ያሳየ ብዙ ሰዎች ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገብቶላቸው ያለ ችግር ይኖራሉ። ስለዚህ ምርመራው ለማንኛውም ታካሚ በጅምላ አይመከርም፤ የሚታሰበው ቀድሞ ግልጽ የሆነ የቆዳ ታሪክ ላለው ሰው ነው።

፫. «ጉልበት»፣ «መተካት»፣ «ትክል»

«ጉልበት» የአካል ክፍል ነው፤ ኀይልም ነው። «ጉልበትዎ ይተካል» የተባለ አዛውንት በእርሻው ሌላ ሰው ሊገባለት እንደ ሆነ አድርጎ ቢሰማ አያስደንቅም። «የጉልበት መገጣጠሚያ» ብሎ መጥራት ብዥታውን ያጠፋዋል። በግዕዝ «መለያልይ» የሚለው ቃል ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ቃሉን የሚያውቀው የአብነት ትምህርት የቀሰመ ሰው ስለሆነ፣ ለታካሚ «መገጣጠሚያ» ይመረጣል።

በአሁኑ ጊዜ የተለመደው «ቅየራ» የሚለው ስም አንድ ዕቃ ወጥቶ ሌላ ዕቃ የሚገባ ያስመስለዋል። በጉልበት ላይ የሚሠራው ግን የአጥንቶቹን ጫፎች ጠርቦ መሸፈን ነው። «መተካት» ስለዚህ ለዘብ ያለና የተሻለ ነው። በሰውነት ውስጥ የሚቀመጠውን መሣሪያ «የተቀበረ» ማለት ከቀብር ጋር ስለሚያያይዘው አይመከርም፤ «ትክል ድንጋይ» ከሚለው የታወቀ አነጋገር በመነሣት «ትክል» ቢባል ቃሉ አገርኛ፣ ፍቺውም ግልጽ ይሆናል።

፬. አማራጮቹ በስማቸው ሲጠሩ

ቃላቱ ከተለዩ በኋላ አማራጮቹን መዘርዘር ይቻላል።

ሀ) ዳሌ። በዳሌ መገጣጠሚያ አማራጩ ሰፊ ነው። በጭን አጥንት ውስጥ የሚገባው ዘንግና በዳሌ አጥንት ላይ የሚቀመጠው ጽዋ ከቲታንየም ቅይጥ፣ ኳሱ ከሴራሚክ፣ የጽዋው ውስጠኛ ሽፋን ከፖሊኤቲሊን ሊሆን ስለሚችል፣ ለኒኬል፣ ለኮባልትና ለክሮሚየም አለርጂ ያለበት ሰው ከሦስቱም ሊርቅ ይችላል።

ለ) ጉልበት። ቲታንየም ሲፋተግ በቀላሉ ስለሚበላ ለሚፋተገው ገጽ እንዲሁ አይውልም። ስለዚህ ሁለት መንገዶች ይታሰባሉ። አንደኛው በቲታንየም ናይትራይድ ወይም በመሰል ነገር የተለበጠ ትክል ነው። ሁለተኛው ገጹ በሙቀት ወደ ኦክሳይድ የተለወጠ የዚርኮንየም ቅይጥ ነው። ተርጓሚ ሁለቱን «ልባጥ» ብሎ እንዳያጠቃልል መጠንቀቅ አለበት። ልባጥ ከውጭ የሚደረብ ነው፤ ሲያልቅ ወይም ሲቧጨር ከሥሩ ያለው ቅይጥ ሊገለጥ ይችላል። የዚርኮንየሙ ገጽ ግን ከራሱ የተገኘ ቆዳ እንጂ የተደረበ አይደለም። በታችኛው የእግር አጥንት ላይ የሚቀመጠው ሳሕን ከቲታንየም ቅይጥ ወይም ሙሉ በሙሉ ከፖሊኤቲሊን ሊሠራ ይችላል። እነዚህ ልዩ ትክሎች በማንኛውም ሆስፒታል አይገኙም፤ ዋጋቸውም ከተለመዱት ከፍ ይላል።

ሐ) ማያያዣ። ትክልን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን አክሪሊክ «ሲሚንቶ» ብሎ መተርጎም ለታካሚው የግንብ ሲሚንቶን ያሳስበዋል። «ሙጫ» ማለትም ልክ አይደለም፤ ሥራው ማጣበቅ ሳይሆን በፋሲል ግንብ ድንጋዮች መካከል እንዳለው ኖራ ክፍተትን ሞልቶ ማጽናት ነው። «የአጥንት ማያያዣ» የሚለው ይስማማል። ማያያዣው ራሱም በውስጡ ባሉት ኬሚካሎች፣ ወይም በሚጨመርበት እንደ ጄንታማይሲን ባለ ፀረ ተሕዋስያን መድኀኒት ምክንያት አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል፣ «ብረት» ብቻ ጠይቆ ማለፍ አይበቃም። ያለ ማያያዣ የሚጸና ትክልም አለ።

መ) ሳይተኩ መቆየት። እንቅስቃሴ፣ ምርኩዝ፣ ክብደት መቀነስና የሕመም ማስታገሻ ከአማራጮቹ የሚቈጠሩ ናቸው። ይህን አማራጭ «ሕክምና የለውም» ብሎ መተርጎም ታካሚውን ተስፋ የሚያሳጣ ከባድ ስሕተት ነው።

ሠ) ከተተካ በኋላ ሕመም ሲኖር። «ሰውነቱ አልተቀበለውም» የሚለው አነጋገር ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው። የተተካ መገጣጠሚያ ሲያም፣ ሲያብጥና ሲግል በቅድሚያ መመርመር ያለበት በተሕዋስያን ማመርቀዙ፣ መላላቱና አቀማመጡ ነው። አለርጂ የሚታሰበው እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ከቀሩ በኋላ ነው። «አልተቀበለውም» የሚለው ቃል ግን ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይከትና፣ በአስቸኳይ ሊታከም የሚገባውን ማመርቀዝ እንደ ተፈጥሮ ጠባይ ያስቈጥረዋል። ተርጓሚው ይህን ሐረግ ሲሰማ «ያብጣል ወይ? ይግላል ወይ? መግል ይወጣዋል ወይ? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ሊበትነው ይገባል።

፭. የጥያቄው አቀራረብ

«አለርጂ አለብዎት?» የሚለው ጥያቄ ከደባርቅ ገበያ ለመጣች እናት መልስ የማያስገኝ፣ «ብረት ይስማማዎታል?» የሚለውም ለብዙ ፍቺ የተጋለጠ ነው። በገጠሩ ለታላቅ ሰው «አንቱ» ማለት የተለመደ በመሆኑ፣ ጥያቄው እንደሚከተለው ቢቀርብ ይሻላል።

— እማማ፣ ጉትቻ ወይም የአንገት ጌጥ ሲያደርጉ የሚነካው ቦታ ያሳክክዎት ነበር ወይ? የትኛው ጌጥ?
— ያሳከክዎት ወዲያው ነው ወይስ ካደሩ በኋላ? ቆዳው ቀላ? ውኃ ቋጠረ?
— ከዚህ በፊት አጥንትዎ ውስጥ የገባ ነገር አለ ወይ? ቁስሉ እንዴት ዳነ?
— ጥርስዎ ሲሞላ ወይም ሲተካ አፍዎ ቆስሎ ነበር?
— የሚያስቸግርዎት መድኀኒት አለ ወይ? ምን አደረገብዎት?

በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ «ሽፍታ» የሚለው ቃል ሆን ተብሎ አልገባም። በቆዳ ላይ የሚወጣውን ቢያመለክትም፣ «ሽፍታ ወጣብዎት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ በደጋው መንገድ የሚገኘው መልስ ስለ ሌላ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

መልሱም በታካሚዋ ቃል ይመዝገብ። «የገበያ ጉትቻ ባደረግሁ በማግሥቱ ጆሮዬ ውኃ ይቋጥራል፤ የእናቴ መስቀል ግን አይነካኝም» ተብሎ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር «የብረት አለርጂ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የበለጠ ለሐኪሙ ይናገራል። ከዚህ በመነሣት ምርመራ ያስፈልግ እንደ ሆነ፣ የትኛው ትክል እንደሚሻል፣ ወይም የተለመደው ትክል ያለ ስጋት ሊገባ እንደሚችል ከታካሚዋ ጋር መክሮ መወሰን የሐኪሙ ድርሻ ነው።

እዚህ የቀረቡት ስያሜዎች፣ በተለይም «ትክል»፣ «ንቁነት»፣ «የልጥፍ ምርመራ» እና «የአጥንት ማያያዣ»፣ በባለሙያዎችና በተናጋሪዎች ዘንድ ተፈትነው የሚጸኑ ወይም የሚታረሙ ናቸው። መፈተኛቸውም የመዝገበ ቃላት ገጽ ብቻ ሊሆን አይገባም። አንዲት የደጋ እናት ቃሉን ሰምታ የተጠየቀችውን ከመለሰች፣ የቀረበላትንም አማራጭ በራሷ አንደበት መልሳ ካስረዳች፣ ስያሜው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።