ሣሩ እስኪደርስ

በመንዝ ጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ፣ ቀይ ቀበሮ ሰተት ብላ በመካከላቸው ትገባለች። ማንም አይሸሻትም። ግልገሎቻቸው ከአጠገቧ ይፈነጫሉ፤ እሷም ዞር ብላ አታያቸውም። እነዚያው ጭላዳዎች ውሻ ካዩ ግን እየጮኹ ወደ ገደሉ ይፈተለካሉ። የጓሳን ጭላዳዎች ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ጉርብትና ጥቅም በቁጥር አስቀምጠውታል። ቀበሮዋ ብቻዋን ሆና አይጥ ስታድን የሚሳካላት ከሙከራዋ 25 በመቶው ነው፤ በጭላዳዎች መካከል ስታድን ግን 67 በመቶ ይደርሳል። ምናልባት የጭላዳዎቹ እንቅስቃሴ አይጦቹን ከጉድጓድ ያወጣቸው ይሆናል፤ ወይም አይጦቹ በብዙ እግር መካከል የቀበሮዋን እግር መለየት ያቅታቸው ይሆናል። ውሉ የሚጸናው ግን ግልገል እስካልተነካ ድረስ ነው። አንዲት ቀበሮ ግልገል ለመንጠቅ ስትሞክር መንጋው ተባብሮ አባሯታል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው ያልረገጠው ምድር ላይ አይደለም። ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ውርጫም የሣር ምድር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በምሥራቅ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርድ ገደል አለ፤ በምዕራብ ገብስና ባቄላ የሚዘራባቸው፣ የመንዝ በግ የሚረባባቸው ቀበሌዎች ናቸው። ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ በክረምት እረኛው የሚከናነበው ጌሳ ይሠራበታል። በድርቅ ዓመት ደግሞ ከብት ይተርፍበታል። ለመንዝ ገበሬ ጓሳ ከቤቱ ውጭ የተቀመጠ ጎተራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሌላው ደጋ የሆነውን ካላየን የጓሳ ነገር አይገባንም። በኢትዮጵያ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ ያህሉ ታርሷል። ሕዝብ ሲበዛና ታችኛው ማሳ ሲደክም ገብስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውርጭ ካልመለሰው በቀር የሚያቆመው የለም። ቀይ ቀበሮ ግን ከደጋው ወርዳ መኖር አትችልም። ምግቧ በአብዛኛው ደጋ ላይ የሚኖሩ አይጦችና ፍልፈሎች ናቸው፤ ታችኛው አገር የሌላው ዓይነት ቀበሮና የጅብ፣ የሰውና የውሻ ነው። ስለዚህ ዝርያዋ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ፣ በመንዝ፣ በአርሲና በባሌ እንደ ደሴት በተነጣጠሉ ከፍታዎች ላይ ተወስኖ ቀርቷል። ለአካለ መጠን የደረሱት በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው።

የሥነ ምኅዳር ሊቃውንት እርሻና አራዊት መሬቱን እንዴት ይካፈሉት የሚለውን ጥያቄ በሁለት ጎራ ሆነው ሲከራከሩበት ኖረዋል። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ክርክሩ ጦፏል። አንደኛው ወገን «መሬቱን ለዩት» ይላል፤ እርሻው በትንሽ ቦታ ብዙ ያምርት፣ የቀረው ሙሉ በሙሉ ለአራዊት ይተው። ሁለተኛው «አቀላቅሉት» ባይ ነው፤ እርሻው ራሱ ዛፍና አጥር፣ ወፍና ንብ የሚኖርበት ይሁን። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። ጫካ ውስጥ ብቻ የሚኖር ፍጥረት የተቀላቀለ እርሻ አያድነውም፤ በሌላ በኩል በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅለው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና የበርካታ ወፎች ቤት ሆኖ ተገኝቷል። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም ወገኖች ካርታ ላይ አተኩረው የዘመን መቁጠሪያውን መርሳታቸው ነው። አንድ መሬት በሐምሌ የሣሩ፣ በየካቲት የገበሬው ሊሆን እንደሚችል መንዞች ክርክሩ ከመጀመሩ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ያውቁት ነበር።

ሥርዓቱ ቀሮ ይባላል። ጅማሬው እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወሰዳል። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ምድሩን እንደተካፈሉትና ለዘሮቻቸው የጋራ ጥቅም እንዳቆዩት በአካባቢው ይተረካል፤ የአንደኛው ስም ዛሬም በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ላይ አለ። ባለ ርስቶቹ በየአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ተደራጅተው፣ አለቃቸውን ራሳቸው መርጠው፣ ሜዳውን በየተራ ይጠብቁ ነበር። ጓሳ ሲዘጋ ማጭድም ከብትም አይገባበትም። የሚዘጋውም ለአንድ ክረምት ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይቆያል። ሣሩ መድረሱ ሲታይ በጋው በጠናበት ወቅት እንዲከፈት ይወሰናል። መጀመሪያ አጫጁ ይገባል፣ ከዚያ ከብቱ የተረፈውን ይግጣል፣ በመጨረሻ ማገዶ ይለቀማል። ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ከመድረሱ በፊት ሁሉም ይወጣና መሬቱ ይዘጋል።

ይህን ቅደም ተከተል የዘመኑ የግጦሽ ባለሙያ ቢጠየቅ እምብዛም የሚያርመው አያገኝም። ጓሳ በጉጥ በጉጥ የሚበቅል ሣር ነው። ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት ከፍታ እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ከሥሩና ከግንዱ መነሻ ባጠራቀመው ስንቅ ነው። በየዓመቱ ከታጨደ ስንቁ ያልቃል፣ ጉጡ ይሳሳል፣ በመካከሉ ባዶ አፈር ይታያል፣ ከዚያ ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ ቦታውን ይይዛል። ጥቂት ዓመት ካረፈ ግን ስንቁን ይመልሳል፣ ዘርም ያረግፋል።

ወቅቱም ቢሆን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ሣር የሚጎዳው በእድገቱ ሰዓት ሲቆረጥ ነው። በክረምት ገና ቅጠል እያወጣ ሳለ የተነጨ ሣር እጥፍ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ አፈሩ ረጥቦ የከብት ኮቴ ያላቁጠዋል። በበጋ ግን ቅጠሉ ሥራውን ጨርሶ ደርቋል፤ የሚታጨደውም ሣሩ ራሱ የጣለው ነገር ነው ማለት ይቻላል። ለቀበሮዋም ይኸው የሚመች ሆኖ ተገኝቷል። ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ማጭድና መንጋ ሜዳውን በሚሞሉበት የበጋ ማብቂያ ቡችሎቹ ከጉድጓድ ከወጡ ሰንብተዋል። የቀሮ አባቶች ይህን አስበው አደረጉት አልልም። ያሰቡት የቤት ክዳን ነበር። ሆኖም ረጅም ሣር ሥሩ አይጥ ይይዛል፣ አይጥ ባለበት ቀበሮ አለች፤ የታጨደውና የተጋጠው ቦታ ደግሞ ጭላዳ የሚወደው አጭር ለምለም ሣር ይሆናል። ለክዳን ሲባል የተጠበቀው ሜዳ ሌላውንም ሁሉ ይዞ ቆየ። ጉም የሚያረጥበው ይህ የሣር ምንጣፍ ከሥሩ ያቆረው ውሃም በአንድ በኩል ወደ ዓባይ፣ በሌላ በኩል ወደ አዋሽ ይፈስሳል።

ቀሮን እንደ ገነት መሳል ግን ስሕተት ነው። መብቱ በዘር የሚወረስ ነበር። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ፣ መሬት የሌለው፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ከሜዳው ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮንም አብሮ ሻረው፤ ለብዙ ድሃ ገበሬ ይህ ፍትሕ ነበር። ችግሩ አዋጁ በሩን ሲከፍት የሚዘጋ ሰው አለማስቀመጡ ነው። ሜዳው የሁሉም ሆነ፤ ጠባቂ ግን አጣ። ማጭዱ በየዓመቱ ገባ፣ ዳር ዳሩ ታረሰ፣ ሣሩ ሳሳ። የጓሳን አስተዳደር ታሪክ በዶክትሬት ሥራው ያጠናው ዘለዓለም ተፈራ፣ ከናይጄል ሊደር ዊሊያምስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ትልቁ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በሜዳው ዙሪያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት ተወካዮቻቸውን መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፣ መዝጋትና መክፈቱን መለሱት። በዚህ ጊዜ ግን ድርሻ የሚገኘው በነዋሪነት እንጂ በትውልድ ሐረግ አልነበረም። ቆይቶም የአማራ ክልል ቦታውን በማኅበረሰብ የሚተዳደር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በደንብ አጸናው። የመንግሥት ፓርክ አይደለም፤ ባለቤቱ ያው አጫጁና እረኛው ነው።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲጠፋ የሚመጣውን ልዩነት ለማየት ወደ ደቡብ መሄድ ይበቃል። በነጌሌ ቦረና አጠገብ የሊበን ሜዳ የሚባል የሣር ምድር አለ። ላርክ ከሚባሉት ወገን የሆነች አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ እዚያ ትኖራለች፤ ከሊበንና ከጅግጅጋ አካባቢ ሜዳዎች ሌላ ዛሬ የምትታወቅበት ቦታ የለም፣ ለመጥፋትም እጅግ ቀርባለች። ቦረናዎች ድሮ መንጋቸውን እንደ ዝናቡ ያዘዋውሩ፣ ቁጥቋጦውን በእሳት ይገቱ ነበር። እሳት ሲከለከል ቁጥቋጦ ወረረ፣ ቋሚ ሰፈራ ሲስፋፋ ግጦሹ ፋታ አጣ፣ ቀጥሎ ማረሻ ገባ። ሣሩ ቁርጭምጭሚት እንኳ የማይደርስ ሲሆን ወፏ ጎጆዋን የምትሸሽግበት አጣች። እዚያም የታየው መፍትሔ ከውጭ የመጣ አይደለም። ቦረናዎች ለጥጃና ለደካማ ከብት ግጦሽ የሚከልሉበት ካሎ የሚባል ልማድ አላቸው፤ የወፍ ጥበቃ ባለሙያዎችም ከነዋሪው ጋር ሆነው በሊበን ሜዳ ላይ ካሎ አጠሩ። በካሎው ውስጥ ሣሩ ተመለሰ። ይህ ለላርኳ ይበቃት እንደሆነ ግን ገና አልለየለትም።

ወደ ጓሳ ስንመለስ፣ ገበሬና ቀበሮ ያለ ጠብ ይኖራሉ ብሎ የሚጽፍ ሰው መንዝን አያውቅም። ቀይ ቀበሮ አልፎ አልፎ የበግ ግልገል ትወስዳለች፤ አንዲት ግልገል ደግሞ ለአንድ ቤት የልጅ ደብተርና የጨው ዋጋ ነች። ከዚህ የሚከፋው ጉዳት ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል፤ እረኛውን ተከትሎ ሜዳ በሚወጣው ውሻ በኩል። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ደጋግሞ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ማብቂያ በተነሣው ወረርሽኝ እዚያው ባሌ ባለው የዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ብዙዎቹን ገደለ። ቀበሮዎች በቤተሰብ ተሰባስበው የሚኖሩ ስለሆኑ አንዷ ከታመመች በሽታው ወደ ሌሎቹ በቀላሉ ይዛመታል። ለብዙ ዓመታት ክትባቱ በአብዛኛው የሚሰጠው ለውሾቹ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ግን በምግብ ውስጥ የተሸሸገ ክትባት ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መስጠት በባሌ ተጀምሯል። የገበሬውን ውሻ መከተብ የገበሬውን ልጅም ያድናል፤ በመሆኑም በዚህ ሥራ ላይ የጥበቃ ሰዎችና ነዋሪው የሚጣሉበት ምክንያት ያንሳል።

አራዊትን ለማዳን ሰውን ማስነሣት በአገራችን ያልተሞከረ መንገድ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ባለው ጊዜ ተነሥቶ ነዋሪው ወደ ደባርቅ ተዛወረ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ፤ ሣሩም አገገመ። ውጤቱን አልክድም። ነገር ግን ለያንዳንዱ ደጋ የሚከፈል ካሳና የሚሰጥ ምትክ መሬት የለንም፤ የወጣውም ሰው ያን ሜዳ የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም። የመንዝ ገበሬ ግን ሌሊት ሣር የሚያጭድ ሌባ ቢያይ የሚጮኸው የተሰረቀው የራሱ ስለሆነ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ይኸው ምክንያት መላላቱ ነው። በመንዝም እንደ ሌላው ገጠር ቆርቆሮ የሣር ክዳንን እየተካ ነው። ቆርቆሮ ቤት የሠራ ሰው በአምስት ዓመት አንዴ የሚታጨደውን ጓሳ በጉጉት አይጠብቅም፤ ጌሳውን የፕላስቲክ ልብስ ተክቶታል፣ ገመዱንም ከገበያ ይገዛዋል። ግጦሹ ግን ዛሬም ይፈለጋል፤ ጥያቄው የግጦሽ ብቻ ሲሆን ደግሞ ረጅም ሣር ከመጠበቅ ይልቅ ቶሎ ቶሎ መክፈት ያዋጣል። ለቱሪስት የተሠራው የማኅበረሰቡ ማረፊያ ይህን ክፍተት እንዲሞላ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም እንግዳ የሚመጣው አገር ሰላም ሲሆን ነው፣ የቅርቦቹ ዓመታት ደግሞ ለአማራ ክልል እንዲያ አልነበሩም። ከሣሩ ሥር የሚፈልቀው ውሃ በዓባይና በአዋሽ በኩል ታች ላለው ብዙ ሕዝብ ይደርሳል፤ ለዚያ ውሃ ለመንዝ አንድ ብር የከፈለ ግን የለም። ኮሚቴው በሚቀጥለው ዓመት ሜዳውን ለመዝጋት ሲቀመጥ፣ ቆርቆሮ ቤት ያለው፣ ሃያ በግ ያለው፣ አንድም በግ የሌለው ሦስት ጎረቤታሞች አብረው ተቀምጠው ስንት ዓመት ይዘጋ በሚለው መስማማት አለባቸው።