ግሽ ዓባይ፤ የምንጩ ትውፊት፣ የመቅደሱ አሠራርና የአምልኮቱ ሥርዐት

ከዱርቤቴ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ወተት ዓባይ ሲደርስ የግልገል ዓባይን ድልድይ ይሻገራል። ይህ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ነው። መነሻውም በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ፣ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ምንጭ ነው። ውሃው ከዚያ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከጣናም በባሕር ዳር በኩል ታላቁ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ስለ ምንጩ የመልክዐ ምድር ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። እኛ ግን ቦታውን የምንመረምረው እንደ መቅደስ ነው፤ ጥያቄያችንም የጥንቱ የአገው አምልኮትና የክርስትናው ሥርዐት በአንድ ምንጭ ዙሪያ በምን ተገናኙ፣ በምንስ ተለያዩ የሚል ነው።

ስለ ጥንቱ አምልኮት በጽሑፍ የደረሰን ምስክርነት የውጭ አገር ሰዎች ነው። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1618 ምንጩን አየ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጄሮኒሞ ሎቦ እንደ ጻፈው፣ የአገሩ ካህን በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝቡን ሰብስቦ በምንጩ አጠገብ ላም ይሠዋል፤ ራሷንም ወደ ውሃው ይጥላል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 (በዚያው አቈጣጠር) ሲደርስ፣ በረግረጉ መካከል በሣር አፈር የተሠራ ክብ መሠዊያ አገኘ። ቁመቱ 3 ጫማ ያህል፣ የመካከሉ ስፋት ከ12 ጫማ ጥቂት ያነሰ ነበር፤ ይህም በሜትር ሲለካ ቁመቱ አንድ፣ ስፋቱ ሦስት ተኩል ያህል ይሆናል። በዙሪያው ጥልቀት የሌለው ቦይ ነበር፤ ምንጩም ከመሠዊያው መካከል ይፈልቅ ነበር። የአገሩ ሰዎች ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ውሃው እንዳይቀርብ መከልከላቸውንም ብሩስ ራሱ ይመሰክራል።

የክርስቲያኑ ትውፊት ከዚህ የተለየ ነገር ይናገራል። እንደሚተረከው፣ ንጉሥ አቡነ ዘርአ ብሩክን ሊያስይዛቸው ጭፍሮች በላከ ጊዜ፣ ጻድቁ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጡ። ከእስር ተፈተው ተመልሰው አደራቸውን ቢጠይቁ፣ ምንጩ መጻሕፍቱን አንድም ሳይርስ መለሰላቸው። የቦታውንም ስም «ጎሥዐ» ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ይኸውም አወጣ፣ አገነፈለ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ወንዙን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 13 ከተጠቀሰው ከግዮን ጋር አንድ ታደርገዋለች።

አሁን ወደ ሕንፃው እንመለስ። በጎጃም ገጠር የተለመደው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። በውጪኛው ዙሪያ መዘምራን የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ሕዝቡ የሚቈርብበት ቅድስት፣ በመካከሉም ታቦቱ ያለበት አራት ማዕዘን መቅደስ ይገኛል። የዙሪያውን ቅርጽ አንዳንዱ ከአገሩ ክብ ጎጆ ያመጣዋል፤ ሦስትነቱን ግን ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ አከፋፈል ጋር ማያያዝ የታወቀ ነው። ብሩስ ያየው መሠዊያም ክብ ስለ ነበረ፣ አንዱ ከሌላው ተቀዳ ለማለት የሚቸኩል ይኖር ይሆናል። ይህ ግን አይጸናም፤ ክብ ቤተ ክርስቲያን ምንጭ በሌለበት አገር ሁሉ ይሠራልና። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ቅርጹ ሳይሆን ሥርዐቱ ነው፤ መካከሉ እግር የማይረግጠው ሲሆን፣ ወደ እርሱም ሰው በየደረጃው ይቀርባል።

የዛሬው አምልኮት ይህን ያረጋግጣል። ወደ ጠበሉ የሚቀርብ ሰው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ጫማውን ያወልቃል፤ እህል የቀመሰም አይቀርብም። በሽተኛው ይጠመቃል፤ ምእመኑም ውሃውን ቀድቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። በዓላቱም ተከታትለው ይውላሉ፤ ጥር 11 ቀን ጥምቀት፣ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላና የቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ጥር 13 ቀን ደግሞ የአቡነ ዘርአ ብሩክ በዓል ነው። እንግዲህ የጻድቁ መታሰቢያ የውሃው በዓላት ፍጻሜ ሆኖ ይከበራል ማለት ነው።

የወንዝ መነሻን ማክበር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በደቡብ ሕንድ በኮዳጉ ተራራ፣ ታላካቬሪ በተባለው የሂንዱ መቅደስ፣ የካቬሪ ወንዝ የሚፈልቅባት ትንሽ ገንዳ ትመለካለች። በዚያው አገር ትውፊት፣ ጋኔሻ የተባለው አምላክ ቁራ መስሎ መጥቶ የባሕታዊውን የአጋስትያን የውሃ ዕቃ ገለበጠ፤ ወንዟም ከዚያ ፈሰሰች። በዚያ ወንዟ ራሷ አምላክ ናት። በግሽ ትውፊት ግን ውሃው የታዘዘውን የሚጠብቅ ባለ አደራ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው በዚህ ላይ ነው። ሎቦ በገለጸው መሥዋዕት ሰው ለውሃው ይሰጣል፤ ውሃውም የተሰጠውን ያስቀራል። በዘርአ ብሩክ ትውፊት ደግሞ ሰው ለውሃው ይሰጣል፤ ውሃው ግን ይመልሳል። ወደ ምንጩ መጣሉ አልቀረም፤ የተጣለው ነገርና የውሃው ሥልጣን ግን ተለወጠ። በላሟ ራስ ፈንታ መጽሐፍ ገባ፤ ጌታ የነበረውም ውሃ አገልጋይ ሆነ። ስለዚህ የዛሬውን ሥርዐት «ክርስትና የለበሰ የአገው አምልኮት» ብሎ መጥራት ትውፊቱ ራሱ የሚያደርገውን ልዩነት አለማየት ነው። ከጥንቱ ጋር ምንም ዝምድና የለውም ማለትም ብሩስ ጫማውን ያወለቀበትን ሥፍራ መርሳት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። ስለ አገዎች ጥንታዊ አምልኮት የምንጠቅሰው ቃል የጎብኚዎቹ እንጂ የራሳቸው የአገዎቹ አይደለም። ሎቦም ሆነ ብሩስ የመጡት የወንዙን ምንጭ ፍለጋ ነበር፤ የካህኑን ትርጓሜ ለመማር አልነበረም። በጎጃም ያሉት የአዊ አገዎች ግን ቋንቋቸውን ዛሬም ይናገራሉ። ስለዚህ የግሽ ዓባይን ትውፊት የሚያጠና ተማሪ የተጓዦችን መጻሕፍት ከመመርመር ጋር፣ ከሰከላ ካህናትና ከአዊ ሽማግሌዎች አፍ መስማት ይገባዋል። ምንጩ አንድ ቢሆንም የሚናገሩለት ሕዝቦች ሁለት ናቸው፤ የአንዱን ቃል ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው ፍርዱ የጎደለ ይሆናል።