እንቅስቃሴና መኖር፦ የሳሎን መብራትን በሴንሰር ስለ መቆጣጠር

ሳሎንን በራሱ የሚሠራ ለማድረግ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመብራት ይጀምራል። ሰው ሲገባ ይበራል፣ ሲወጣ ይጠፋል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ያለው «ሲወጣ» በምትለው ቃል ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በወላጆቹ ሳሎን የመጀመሪያውን ሥርዓት በዘረጋ ጊዜ፣ ማታ ማታ መጽሐፍ የሚያነቡትን አባቱን መብራቱ በየአምስት ደቂቃው ጨለማ ውስጥ ይጥላቸው ነበር። እጃቸውን እያወዛወዙ ለጥቂት ቀናት ታገሡ፤ ከዚያም መሣሪያው እንዲነቀል ጠየቁ።

ሴንሰሩ ግን አልተበላሸም ነበር። በርካሽ የሚገኘው ኤች ሲ-ኤስ አር 501 ከሰውነት ሙቀት የሚመነጨውን ኢንፍራሬድ ጨረር ይቀበላል። ነጩ የፕላስቲክ ሌንሱ ክፍሉን በብዙ ጠባብ የእይታ ዞኖች ይከፋፍለዋል፤ ሰው ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው ሲሻገር የጨረሩ መጠን ይለዋወጣል፣ መሣሪያው የሚያስታውቀውም ይህንን ለውጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰውና ባዶ ሶፋ ለእርሱ አንድ ናቸው። የመቆያ ጊዜውን ማርዘም የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም፣ ስሕተቱን ከአንባቢው ወደ ባዶው ክፍል ከማዛወር አያልፍም።

የተሻለው አማራጭ በ24 ጊጋኸርዝ የሚሠራ አነስተኛ ራዳር ነው። «ሚሊሜትር ሞገድ» ተብሎ መሸጡ ጥቂት ማጋነን አለበት፤ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሚሊሜትር ነውና። ለዚህ ተግባር ግን ይበቃል። ደረት በትንፋሽ ምክንያት 1 ሚሊሜትር ወደ ፊት ቢገፋ የሞገዱ የደርሶ መልስ መንገድ በ2 ሚሊሜትር ያጥራል፤ ይህም ወደ 58 ዲግሪ የሚጠጋ የፌዝ ለውጥ ያስከትላል። እንዲህ ያለውን ለውጥ መለየት አያስቸግርም።

ራዳሩም የራሱ ጉድለት አለው። በነፋስ የሚወዛወዝ መጋረጃን ሰው ሊያደርገው ይችላል፤ የእንጨት በርን አልፎም በኮሪደር የሚመላለሰውን ያያል። በአንጻሩ የኢንፍራሬድ ሴንሰሩ መጋረጃው ከክፍሉ ጋር እኩል ሙቀት እስካለው ድረስ እምብዛም አይታለልም፤ የእርሱ ፈተና ቡና ሲፈላ የሚቀርበው የከሰል ምድጃ ነው። ድክመታቸው የተለያየ በመሆኑ ሥራውን ማከፋፈል ይቻላል፦ መብራቱን የሚያበራው ኢንፍራሬዱ ብቻ ይሁን፣ ከበራ በኋላ ራዳሩ ያቆየው፤ የሚጠፋውም ሁለቱም ለተወሰኑ ደቂቃዎች ዝም ሲሉ ነው።

ይህ ደንብ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ከሴንሰር ምርጫ አያንስም። ደንቡ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ ከሆነ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሳሎኑ ይደነዝዛል። በቤት ውስጥ ባለ ራስቤሪ ፓይ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ኃይል ሲመለስ ለመነሣት ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ አቅራቢው ደንቡን ሴንሰሮቹ በተያያዙበት በኢኤስፒ32 ላይ ጽፎታል። ኤች ሲ-ኤስ አር 501 ኃይል ካገኘ በኋላ እስኪረጋጋ አንድ ደቂቃ ያህል የሐሰት ምልክት ሊሰጥ ስለሚችል፣ ያ ደቂቃ ችላ እንዲባል ተደርጓል፤ አለዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት በመጣ ቁጥር ሳሎኑ ቦግ ይላል።

የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያም በቦታው ቀርቷል፣ ትእዛዙም ከሁለቱ ሴንሰሮች ይቀድማል። አባትየው ንባባቸውን ሲጨርሱ መብራቱን በእጃቸው ያጠፋሉ፤ ሥርዓቱም ከክፍሉ እስኪወጡ ድረስ መልሶ አያበራባቸውም።