የነዳጅ ዋጋና የወለጋ መንገደኛ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ወደ ግምቢ፣ ወደ በደሌና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ የሚወስዱት መንገዶች የሚገናኙባት የንግድ ከተማ ናት። የምትጠቀምበት ቤንዚንና ናፍታ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ ይጓዛል፤ የማጓጓዣው ወጪ በየከተማው ዋጋ ላይ ስለሚታሰብም ከአዲስ አበባ ይልቅ በነቀምቴ ይወደዳል።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በመቶ 50 በተጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው ነበርና ጭማሪው በዚያው ወር ተቀነሰ። ያሁኑ ግን እንደዚያ አይደለም። መንግሥት ድጎማውን በየደረጃው ማንሣት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ዋጋው ወደ ኋላ የማይመለስ ከሆነ ልማዱን መለወጥ ያለበት መንገደኛው ነው።

ባጃጅ ለብቻው ይከራይ የነበረው የከተማ ሠራተኛ ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ይሳፈራል፤ መንገዱ አጭር ሲሆንም በእግሩ ይሄዳል። የገጠሩ ሰው አንድ ነገር በጐደለው ቍጥር ወደ ከተማ መውጣቱን ትቶ የገበያን ቀን ይጠብቃል፤ ወይም አንዱ ጎረቤት የብዙዎችን ገንዘብና አደራ ይዞ ይሄዳል። ጭነቱ ቀላል የሆነ እንደ ሆነ አህያና ፈረስ ከመኪና ይመረጣሉ።

ይህ ለባለሱቁ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀድሞ በሳምንቱ ቀኖች ተከፋፍሎ ይሸጥ የነበረው ጨው፣ ሳሙናና ዘይት በአንድ ቀን ይፈለጋል፤ በዚያ ቀን ዕቃው ያለቀበት ነጋዴ ያጣው አንድ ደንበኛ ሳይሆን ያን ሰው የላኩትን ሁሉ ነው። በአንጻሩ ከመንገድ ዳር ርቃ ያለችው የመንደር ሱቅ፣ ዋጋዋ ጥቂት ቢበልጥም፣ የመሳፈሪያውን ሒሳብ ለሚያሰላ ገዢ ትረክሳለች። የጅምላ ነጋዴው ይህን ቢያስተውል ይጠቀማል።

በውጭ አገር ገበያ «ለቀምት» ተብሎ የሚታወቀውን ቡና የሚልከው ነጋዴም ከዚሁ ሒሳብ አያመልጥም። የዓለም ዋጋ በእርሱ እጅ ስላልሆነ፣ በኩንታል የጨመረው የጭነት ኪራይ ወይ ከትርፉ ወይ ለገበሬው ከሚከፍለው ይቀነሳል፤ ብዙውን ጊዜም ከገበሬው ነው።

አስመጪዎችን በተመለከተ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ለነቀምቴ ጎዳና ሳይስማማ አይቀርም፤ የፊንጫ የኤሌክትሪክ ማመንጫም በወለጋ ምድር የቆመ ነው። ይሁን እንጂ ባጃጁን ሸጦ አዲሱን የሚገዛ ነጂ አስቀድሞ የሚጠይቀው የባትሪውን ዕድሜ፣ የመለዋወጫውን ዋጋና በከተማው ውስጥ የሚጠግን ሰው መኖሩን ነው፤ መብራት በጠፋበት ቀንም ሥራ ፈት ሆኖ ይውላል። ዕቃውን ያለ መለዋወጫና ያለ ጠጋኝ ወደ ነቀምቴ የሚልክ አስመጪ የመጀመሪያዎቹን ይሸጥ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ጭነት ግን የሚቀበለው አያገኝም።