ልደቱ የልጅ፣ ጭፈራው የአዋቂ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 የብሪታንያው ግዙፍ ቸርቻሪ ቴስኮ ከድረ ገጹ የመጫወቻዎች ክፍል አንድ ዕቃ አነሳ። ዕቃው ቤት ውስጥ የሚተከል የፖል ዳንስ ብረት ነበር። ከብረቱ ጋር ጭን ላይ የሚጠለቅ ጌጠኛ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ጋር ደግሞ እሱ ውስጥ የሚሻጥ የውሸት ገንዘብ ይመጣል። ወላጆች በቁጣ ሲነሱ ኩባንያው ዕቃው ለአዋቂዎች የአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንጂ ለልጅ የታሰበ አይደለም ብሎ መለሰ። ከመጫወቻዎቹ ተርታ አወጣው፤ መሸጡን ግን አልተወም።

ያኔ ሁሉም ያወራው ስለ ብረቱ ነው። እኔ ግን ከብረቱ ይልቅ የውሸት ገንዘቡ ብዙ የሚነግረን ይመስለኛል። ብረት የስፖርት መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ሕንዶች ማላካምብ በሚባለው ጥንታዊ ስፖርታቸው የእንጨት ምሰሶ ላይ ይገለባበጣሉ፤ የቻይና ሰርከስም ያለ ምሰሶ አይታሰብም። ዓለም አቀፉ የስፖርት ፌዴሬሽኖች ማኅበርም በ2017 ለፖል ስፖርት ፌዴሬሽን የታዛቢነት እውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ልጃቸውን ወደ ፖል ዳንስ ትምህርት የሚልኩ ወላጆች «ጂምናስቲክ ነው፤ ክንድና ሆድ ያጠነክራል» ሲሉ ሐሰት አይናገሩም። ጭን ላይ የሚሻጥ የውሸት ዶላር ግን ምንም ጡንቻ አያጠነክርም። እሱ ያለው በራቁት ጭፈራ ቤት ትርኢት ድርሰት ውስጥ ነው፤ በዚያ ድርሰት አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይታያል። ከልጅ መጫወቻ ጎን ሲቀመጥም ድርሰቱ አብሮ ተቀመጠ።

ክርክሩ በቴስኮ አልተጀመረም። ከዓመት በፊት፣ በ2005፣ በአሜሪካ ቴክሳስ አል ኤድዋርድስ የተባሉ የሂዩስተን የሕዝብ እንደራሴ በትምህርት ቤት የስፖርት ውድድሮች ላይ የሚጨፍሩ ተማሪዎች ወሲብ ቀስቃሽ እንቅስቃሴ እንዳያሳዩ የሚከለክል ረቂቅ አቅርበው ነበር። የግዛቲቱ የታችኛው ምክር ቤት ቢያሳልፈውም ሕግ ሳይሆን ቀረ። በጊዜው ብዙ ተሳቀበት። ከሳቁ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ቀላል አልነበረም፤ የትኛው የዳሌ ንቅናቄ ቀስቃሽ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ በሕግ አንቀጽ እንዴት ይጻፋል? ለኪው ማን ነው?

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ግብረ ኃይል በ2007 ባወጣው ዘገባ መለኪያውን ከእንቅስቃሴው አንሥቶ ወደ አተያዩ አዛወረው። በዘገባው መሠረት አንዲት ልጅ በወሲብ ዓይን እየታየች ነው የሚባለው ከአራቱ አንዱ ሲገኝ ነው፤ ዋጋዋ በወሲባዊ ማራኪነቷ ብቻ ሲመዘን፣ ቁንጅናዋ ወሲብ ቀስቃሽ በመሆን ሲለካ፣ እንደ ሰው ሳይሆን ለሌላው መጠቀሚያ እንደ ዕቃ ስትታይ፣ ወይም ዕድሜዋ ያልደረሰበት ወሲባዊነት ከውጭ ሲጫንባት። ለትንንሽ ልጆች ድግስ ይበልጥ የሚስማማው አራተኛው ነው። የስድስት ዓመት ልጅ የምትቀዳውን ዳንስ ትርጉም አታውቅም፤ ትርጉሙን የሚያውቁት ዙሪያዋን ቆመው የሚያጨበጭቡት ናቸው።

ብሪታንያ ጉዳዩን በተከታታይ አስጠናች። በ2010 የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሊንዳ ፓፓዶፑሎስ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በ2011 ደግሞ የእናቶች ኅብረት የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሬግ ቤይሊ ለመንግሥት ዘገባ አቀረቡ። ከቤይሊ ዘገባ ጋር የአገሪቱ ቸርቻሪዎች ማኅበር ስለ ልጆች ልብስ መመሪያ አወጣ፤ ወላጆች ቅሬታ የሚያሰሙበት የጋራ ድረ ገጽም ተከፈተ። ፈረንሳይ ከዚህ ራቅ ብላ ሄደች፤ የሴኔት አባሏ ሻንታል ዡአኖ በ2012 ካቀረቡት ዘገባ በኋላ፣ በ2014 በወጣ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የቁንጅና ውድድር ተከለከለ። ሁሉም ግን ወደ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ቆሙ። ሱቅ ይቆጣጠራሉ፣ ውድድር ያግዳሉ፤ አንድ ቤተሰብ ለልጁ ልደት ምን ዓይነት ዳንስ አስተማሪ እንደሚጠራ ግን የሚወስን ሕግ የለም። ሊኖርም ይገባል አልልም።

ሥጋቱን በጥርጣሬ የሚያዩም አሉ፤ የሚናቁም አይደሉም። ተመራማሪው ዴቪድ ባኪንግሃም የመሩት ቡድን በ2010 ለስኮትላንድ ፓርላማ ባካሄደው ጥናት፣ ወላጆችም ልጆችም ከሚነገረው ይልቅ ጠለቅ ያለ አስተያየት እንዳላቸው ታይቷል፤ አንድ ልብስ ወይም ዕቃ በማን፣ የትና መቼ እንደሚለበስ ሁሉም ይመዝናል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዳንኤል ኢገን በበኩላቸው ወቀሳው ሁሉ በሴት ልጆች ገላ ላይ ማረፉን ይተቻሉ። ልጅቷን እንጠብቅ እያልን ልጅቷን እናሳፍራለን ነው ነገሩ። ይህ ትችት እኔንም ያስቆመኛል። ወንድ ልጅ በልደቱ ላይ የጎረምሳ ዘፋኝ አስመስሎ ወገቡን ሲነቀንቅ «ጀግና!» ተብሎ ይጨበጨብለታል፤ ዘገባ የጻፈበት የለም።

ከጥናቶቹ ሁሉ ልቤን የሳበው ደግሞ ትንሹ ነው። በኢሊኖይ የኖክስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከ6 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ 60 ልጃገረዶች ሁለት የወረቀት አሻንጉሊቶች አቀረቡ፤ አንዷ ገላን የሚያጋልጥ ልብስ ለብሳለች፣ ሌላዋ ገላን የሚሸፍን። «የትኛዋን መምሰል ትፈልጊያለሽ?» ሲባሉ አብዛኞቹ የመጀመሪያዋን መረጡ። ከዳንስ ትምህርት ቤት የመጡት ልጆች ግን ያቺን የመምረጥ ዝንባሌያቸው ያነሰ ነበር። ትንሽ ጥናት ስለሆነ ብዙ ሸክም አይጫንበትም። ሆኖም ሰውነቷ ምን መሥራት እንደሚችል በትምህርት ያወቀች ልጅ፣ ሰውነቷ ምን እንደሚመስል ብዙም ላያስጨንቃት ይችላል የሚል ፍንጭ ይሰጣል። ስለዚህ ዳንስን ራሱን ጠላት ማድረግ መንገድ መሳት ነው።

ይህን እኛ ለማመን ጥናት የሚያስፈልገን አይመስለኝም። በነሐሴ አጋማሽ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ ሲደርስ፣ ልጃገረዶች ስሙን ለበዓሉ የሰጠውን ረጅም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። ወገብ ሲነቃነቅ ሣሩ ይወዛወዛል፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። በየቤቱ እየዞሩ ሲጨፍሩ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ወደ ደቡብ ብንወርድ የወላይታ ጭፈራ ያለ ወገብ አይሆንም፤ በጊፋታ ሕፃኑም ሽማግሌውም ይጨፍረዋል። ወገብም አለ፣ ገንዘብም አለ። ሠርግ ላይ ግንባር ላይ ብር መለጠፍም የእኛው ነው። ታዲያ እነዚህ ሳያሳፍሩን የቴስኮው ዕቃ ለምን ያሳፍረናል?

ባህል ስለሆነ የሚለው መልስ አይበቃም፤ ባህልም ለልጅ የማይሆን ነገር ይዞ ሊገኝ ይችላል። አሸንዳ ላይም ለደረሱት ልጃገረዶች የመተያየትና የመተጫጨት ነገር አለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ልዩነቱ ትንሿ ልጅ በዚያ ውስጥ ያላት ስፍራ ነው። ከእኩዮቿ ጋር በቡድን ትጨፍራለች፤ ዜማውን ከታላላቆቿ ተምራዋለች፤ የሚሰጣት ሁሉም የሚካፈለው የበዓል ስጦታ ነው። ለብቻዋ መሃል ላይ አቁሞ ገላዋን የሚመዝን ዓይን አልተዘጋጀላትም። እስክስታ ስትወርድ ሠርገኛው ግንባሯ ላይ ብር ቢለጥፍ የሚያሞግሰው ትከሻዋን ነው። በራቁት ጭፈራ ቤት የተጻፈው ድርሰት ግን ያለ ተመልካቹ ምኞት ባዶ ነው፤ ምኞቱን ብታወጣው የሚቀር የለም። ልጅ ስትጫወተው ባትረዳውም፣ የተሰጣት ሚና የሚፈለግ ገላ መሆን ነው።

ተመልካቹ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ስልክ ከመጣ ወዲህ ተወሳስቧል። በ2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሚሆናቸው ልጃገረዶች ለውድድር በቢዮንሴ ዘፈን የጨፈሩት ቪዲዮ በኢንተርኔት ተሰራጭቶ አገር ተንጫጫ። ወላጆቻቸው ለዳንስ ውድድር እንጂ ለሚሊዮን ሕዝብ አልተዘጋጀም ብለው ተከላከሉ። የተናገሩት እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ፈረንሳያዊቷ ማይሙና ዱኩሬም በ2020 የታየውን ፊልሟን የጀመረችው፣ ፓሪስ ውስጥ በአንድ የሰፈር ድግስ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች እንደ አዋቂ ሲደንሱ አይታ ደንግጣ ነው። ፊልሙ ድርጊቱን ለመተቸት ቢሠራም ኔትፍሊክስ ማስተዋወቂያውን ያንኑ የሚነቀፈውን አቋቋም በሚያሳይ ፎቶ አደረገው፤ በኋላም ይቅርታ ጠየቀ። ተቺውም ሻጩም አንድ ምስል ላይ ተገናኙ።

አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የልጅ ልደት ዛሬ አዳራሽ፣ ዲጄና ከፍ ብሎ የተያዘ ስልክ አለው። ዲጄው ለሠርግ ያዘጋጀውን ያጫውታል፤ ሌላ ካልተነገረው ሌላ የለውም። እንግዳው ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ይለቅቃል፤ ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ መደበኛ አካውንት አይፈቅድም፣ በአክስቷ አካውንት ግን የአምስት ዓመቷ ልጅ ለማያውቃት ሁሉ ትጨፍራለች። እናት ይህን ከመጀመሪያው ማቆም ትችላለች። ለዲጄው የዘፈን ዝርዝር ከቀናት በፊት ትሰጣለች፤ «ዳንስ አስተምራለሁ» የሚለውን ባለሙያ ልጆቹ በየትኛው ዘፈን፣ ምን ለብሰው፣ ማን ፊት እንደሚጨፍሩ ትጠይቃለች፤ ቪዲዮው ከቤተሰብ እንዳይወጣ በር ላይ ትናገራለች። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ሌላው ዝርዝር ነው፣ ይኼኛው ግን እንግዳን ሊያስቀይም ይችላል።