ለህብለ ሰረሰር ጉዳት ምርምር ናሙና መስጠት፦ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ከመፈረማቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ

ከዛፍ ወይም ከገደል ወድቆ፣ አልያም በመኪና አደጋ ጀርባው የተጎዳ የታች ጋይንት ነዋሪ ከአርብ ገበያ ወደ ደብረ ታቦር፣ እንደ ጉዳቱ ክብደትም ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር በሪፈር ሊላክ ይችላል። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሕክምናና ምርምር ጎን ለጎን ስለሚካሄዱ፣ ታካሚው ለምርምር የሚውል ናሙና እንዲሰጥ የሚጠየቅበት አጋጣሚ አለ። ጥያቄው የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ በተደናገጠበት ሰዓት በመሆኑ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

ህብለ ሰረሰር በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፍና አንጎልን ከቀሪው አካል ጋር የሚያገናኝ የነርቭ ገመድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር ይኖራሉ። የተጎዳውን ነርቭ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት ግን እስካሁን አልተገኘም። በአይጦች ላይ ተስፋ የሰጡ በርካታ ሙከራዎች በሰው ላይ ሲደገሙ ውጤት አላመጡም፤ የሰው ናሙና የሚፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሕይወት ካለ ሰው ህብለ ሰረሰር ላይ ለምርምር ተብሎ ተቆርጦ የሚወሰድ ነገር የለም። ከታካሚ የሚወሰደው ደም፣ አንዳንዴም ከጀርባ በመርፌ የሚቀዳ ፈሳሽ ነው። የህብለ ሰረሰሩ ህብረ ሕዋስ የሚገኘው በፈቃድ፣ ከሞት በኋላ ብቻ ነው። በካናዳ ቫንኩቨር የሚገኘው ዓለም አቀፍ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ናሙና ባንክ ሦስቱንም ዓይነት ናሙናዎች አከማችቶ ለተመራማሪዎች ያካፍላል። አንድ ሆስፒታል ብቻውን የሚያያቸው ታካሚዎች ለአስተማማኝ ድምዳሜ ስለማይበቁ፣ ናሙና መጋራት የግድ ይሆናል።

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ማሳደጊያ ውስጥ ስለማይራባ ምርምሩ ከታካሚዎች በሚገኝ ናሙና ላይ የተመሠረተ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም ሥራውን የጀመረው በዚሁ በሽታ ላይ ነው።

ናሙና መስጠት በፈቃደኝነት ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው። እምቢ ያለ ታካሚ ሕክምናው አይቋረጥበትም፣ ተራውም አይዘገይበትም። ማንበብ ለማይችል ሰው ሰነዱ ገለልተኛ ምስክር ባለበት በሚገባው ቋንቋ ይነበብለታል፤ ከተስማማም በጣት አሻራው ያረጋግጣል። ታካሚው ራሱን ካላወቀ የቅርብ ዘመዱ ይጠየቃል፤ ሲሻለው ግን ጥያቄው በድጋሚ ለራሱ ሊቀርብለት ይገባል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሰው አካሉን ወይም የአካሉን ክፍል ለመስጠት የገባውን ቃል በማንኛውም ጊዜ መሻር እንደሚችል በአንቀጽ 19 ደንግጓል። እርግጥ ነው፣ ከናሙናው አስቀድሞ የተገኘ የምርምር ውጤት ተመልሶ አይሰረዝም።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ ናሙና የሰጠ ታካሚ በዚህ ምክንያት ቶሎ ይድናል ማለት አይደለም። ጥቅሙ፣ ከተገኘ፣ ምናልባት ከዓመታት በኋላ ለሚጎዱ ሰዎች ነው። በተቃራኒው የሚናገር ባለሙያ ካጋጠመ ከመፈረም መቆጠብ ተገቢ ነው።

ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ይህ በፈቃድ ሰነዱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። የሥነ ምግባር ገምጋሚ አካል ይሁንታና በላኪውና በተቀባዩ ተቋም መካከል የተፈረመ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትም ያስፈልጋል። ናሙናው ለሌላ ምርምር ይውል እንደሆነ፣ የሰጪው ስም በኮድ መተካቱንና ናሙናው ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። ቅሬታ ያለው ሰው በመረጃ ቅጹ ላይ ወደተመለከተው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ስልክ መደወል ይችላል፤ በመሆኑም የቅጹን አንድ ቅጂ ተቀብሎ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።