ከማሳ የተረፈው ማዳበሪያ ወዴት ይሄዳል?

በጋምቤላ ክልል፣ የፑኝዶ ከተማ በምትገኝበት በጎግ ወረዳ የሚያልፈው የጊሎ ወንዝ ከፒቦር ጋር ይቀላቀላል። ፒቦርና ባሮ ሶባትን ይፈጥራሉ፤ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ጎግ ውስጥ የሚበተን ማዳበሪያ ጉዳዩ የጎግ ብቻ አይደለም።

ሰብሉ ያልተጠቀመበትን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ይህ ሲበዛ አልጌ ያለ ልክ ይራባል፤ ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣውም ታፍኖ ያልቃል። ዓሣ ዋና ምግባቸው ለሆነ የአኙዋ ብሔረሰብ ቤተሰቦች ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ናይትሬትም ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። መጠኑ ከዚህ ሲያልፍ፣ በተለይ በጡጦ የሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናት ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ሊዳከም ይችላል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ የአካባቢ ደረጃ እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ የላላ ማውጣትን ግን ይከለክላል። ጋምቤላን ለመሰለ ወንዝ የበዛበት ክልል ይህ ሥልጣን ትልቅ ዕድል ነው። ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው የወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ ነው፤ ጎርፉን አዝግሞ ማዳበሪያውን ከወንዙ በፊት የሚያስቀረው እሱ ነውና።